የፒያሳ ልጆችን የቀዳ ሰው አለ?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ ከላይ ሳያነቡ እየገቡ ያንኑ ነገር ደግመው የሚጠይቁ ስለበዙ፣ እስካሁን የተባለውን በራሴ አማርኛ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የሰው ስም አላነሳም፣ ጸሐፊዎቹን በመልሳቸው ቁጥር እጠራለሁ። ስማቸው እንዳይነሳ የጠየቁኝ አሉ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደሴ ውስጥ አንድ የወጣቶች ባንድ ነበር። ስም አላወጡለትም። እኛ የፒያሳ ልጆች እንላቸው ነበር። ኦርጋን፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ማሲንቆ፣ ከዚያ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ድምፃዊ። የቀበሌ ኪነት አልነበሩም። መንግሥት አልቀጠራቸውም፣ ሆቴልም አላቋቋማቸውም። ራሳቸው ተሰባስበው፣ ዕቃ ተከራይተው፣ ሠርግ ላይና ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ባቲና አምባሰል የሚባሉትን ቅኝቶች በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲጫወቱ የአዲስ አበባን ባንድ አልኮረጁም። የራሳቸው አካሄድ ነበራቸው። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ተበተኑ። ካሴት አላወጡም። የሠርግ ካሴት ላይ እንኳ ድምፃቸው ያለው ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። አቋሜንም ጨመርኩበት። እነዚህ ልጆች የጠፉት ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ከተማው ውስጥ የሚቀዳቸው ስለጠፋ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ኮምቦልቻ ከሚኖሩ አንዲት እናት መጣ። ሰላምታቸው ብቻ አንድ አንቀጽ ሙሉ ነው። የወሎ ሰው ሰላምታ ላይ አይቸኩልም። ከዚያ የወንድማቸውን ሠርግ አነሱ። ገራዶ ላይ ነው፣ ወሩ ጥር። ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሞንታርቦው ተተክሏል። ልጆቹ ገና ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምሩ መብራት ሄደ። ኦርጋኑ ዝም አለ። ጊታሩም ዝም አለ። ማሲንቆ መቺው ግን አላቆመም። ድራም የሚመታው ልጅ ከዕቃው ኋላ ተነስቶ ከሴቶቹ ከበሮ ተቀበለ። ልጅቷ ያለ ማይክ አምባሰል ያዘች። ፋኖስ እስኪመጣ በጨለማ ተዘፈነ፣ ትልልቆቹ ሴቶች አለቀሱ። መብራቱ ሲመለስ ሙሽራው ራሱ ኦርጋኑ እንዳይከፈት ለመነ። ይህን ያነበበ ሁሉ እኔንም ጨምሮ ልቡ ሄደ።

ቁጥር 2 ግን ታሪኩን ተቃወመ። ያ የሆነው ቧንቧ ውሃ ሰፈር እንጂ ገራዶ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ሚዜ ስለነበረ አይረሳውም። ሙሽራው ልመና ላይ አልደረሰም፤ የለመነችው የሙሽራዋ አክስት ናት። ቁጥር 3 ደግሞ ሁለቱንም አስታረቀ። በዚያ ዘመን መብራት ሳይጠፋ ያለቀ ሠርግ ካለ እሱን ንገሩኝ አለ። እኔም ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። ልጆቹ መብራት ሲሄድ የማያቆሙ ከነበሩ፣ በአንድ ሠርግ ብቻ አያበቃም።

ቁጥር 4 ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር ገቡ። ክሩ ውስጥ ካሉት መልሶች ረጅሙ የእሳቸው ነው፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ከ1967 ወዲህ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የማታ ጨዋታ ተዳከመ፤ ሙዚቀኛ ማታ ካልሠራ ምን ይበላል? በዚያው ዘመን ደግሞ በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው፣ በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። መሣሪያው የቀበሌ፣ ዘፈኑ በአብዛኛው የአብዮት። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ብዙ ልጅ ሙዚቃ ተማረ። ወሎ ላይ ትልቁ የላሊበላ ኪነት ነበር። እነ ማሪቱ ለገሰና ዚነት ሙሃባ ከዚያ ወጥተው ነው አገር ያወቃቸው። በ1983 ሥርዓቱ ሲለወጥ የቀበሌ ኪነቶች ፈረሱ። መሣሪያው መጋዘን ገባ፣ ልጆቹም ቤታቸው ገቡ። መምህሩ ከዚህ ተነስተው እርማት ሰጡኝ። የፒያሳ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። ድራም የሚመታውና ቤዝ የሚጫወተው ሁለቱም ጣታቸውን ያፍታቱት የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ራሱን የቻለ ባንድ ማለት ይከብዳል አሉ።

የመምህሩን ታሪክ በሙሉ እቀበላለሁ። መደምደሚያቸው ላይ ግን አልተስማማሁም፣ በአክብሮት ጻፍኩላቸው። ማን አስተማራቸው አንድ ጥያቄ ነው። ምን እንዲዘፍኑ ማን አዘዛቸው የሚለው ሌላ ነው። የፒያሳ ልጆችን ያዘዘ አልነበረም። መልካም ዘፈን ሲሆንላቸው ደጋሹ ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፈ፣ ሳይሆንላቸው ሲቀር ምሳ በልተው ሄዱ። መምህሩም ልዩነቱን አልካዱም፤ ብቻ መጋዘን የገባው መሣሪያ የት ደረሰ ብለው ሌላ ጥያቄ አስከትለዋል። ለእሱ እስካሁን መልስ የሰጠ የለም።

ቁጥር 5 የሞንታርቦ አከራይ ልጅ ነው። ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ የራሳቸው የሆነው ጊታሩና ማሲንቆው ብቻ ነበር። ኦርጋኑ ከአንድ ነጋዴ በኪራይ፣ አምፕሊፋየርና ሞንታርቦው ከአባቱ በኪራይ። ከሠርግ የሚያገኙት ገንዘብ ሲከፈል መጀመሪያ ኪራይ፣ ቀጥሎ የመኪና፣ የተረፈው ለሰባት። የማይክ ማቆሚያ ስላልነበራቸው ማይኩን ከመጥረጊያ እጀታ ጋር በጎማ ያስሩና እጀታውን አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ ይተክሉት ነበር። ድምፃዊቷ አጭር፣ ድምፃዊው ረጅም ስለነበሩ በዘፈን መሃል አንዱ ልጅ እየመጣ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትታል። ይህን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጣሳው የዘይት ጣሳ ነበር፣ ሰማያዊ፣ አፉ የተቆረጠ። ልጆቹ ሲጨፍሩ አሸዋው ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር።

ከዚያ ሙዚቃው ራሱ መጣ። ቁጥር 6 አምባሰልና አንቺሆዬ ያው ናቸው፣ ስማቸው ነው የሚለየው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 7 ሙዚቀኛ ነው፣ በትህትና አረመው። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ናቸው። ሶሉ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ላው ግማሽ ድምፅ ሲወጣ ግን ስሜቱ በሙሉ ይቀየራል። ባቲ ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ሚውና ሲው ዝቅ ያሉበት ባቲም አለ። ትዝታ ሲጨመር አራቱ ትልልቅ ቅኝቶች ተሟሉ።

ይህ ሰው ቀጥሎ የጻፈው ነው ለእኔ የክሩ ወርቅ። ክራር የሚመታ ሰው ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። ቆም ይላል፣ ያጠብቃል፣ ያላላል። ስለዚህ በባህሉ አንድ ዘፈን ብዙ ጊዜ በጀመረበት ቅኝት ያልቃል። ኦርጋንና ጊታር ያንን ችግር አያውቁም። ማሲንቆም አንድ ክር ስለሆነና ጣት ብቻ ስለሚያዘው መከተል ይችላል። የፒያሳ ልጆች ይህን ዕድል ያዩ ናቸው። በባቲ ይጀምሩና ሰው እስክስታ ላይ እያለ ሳያቆሙ አምባሰል ውስጥ ይገባሉ። ድራሙ አይለወጥም። ቤዙ ዶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሚው ጠፍቶ ሬ ፍላት ሲመጣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ትከሻው ይቀዘቅዛል፣ ፊቱ ይለወጣል። ከዚያ ተመልሰው ባቲ። ይህን ነው እኔ የራሳቸው አካሄድ ያልኩት። እኔ በስሜት ብቻ የያዝኩትን እሱ በኖታ አሳየኝ፣ አላህ ይስጠው፣ እግዜር ይስጠው።

ቁጥር 8 ከባቲ ነው። ቀልቡ የሄደው ስለ ከተማው ነው። ባቲ ቅኝት ከመሆኑ በፊት ገበያ ነው ይላል። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ከቆላ ግመሉን ይዞ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉን ይዞ የሚገናኙበት። ልጆቹ አንድ ሰኞ በአይሱዙ መጥተው ተጫውተው ነበር። በጠራራ ፀሐይ ኦርጋኑ ጋለ፣ ድምፁ ተበላሸ፣ ማሲንቆው ብቻ ቀረ። እንዲህ ካለው በኋላ ትንሽ ቀስት ወረወረ። የደሴ ልጅ በባቲ ስም ሲነግድ የባቲ አዝማሪ ምን አገኘ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የከረረው ቁጥር 9 ላይ ነው። ከላስታ የመጣ ወንድም ነው። እናንተ ወሎ ስትሉ ደሴ ማለታችሁ ነው አለ። የላስታ አዝማሪ ማሲንቆውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አገር ለአገር ሲዞር ደሴ ውስጥ ኦርጋን የሚያውቅ አልነበረም። ወልድያ የት አለ? ቆቦና ራያ የት አሉ? የከሚሴ ኦሮምኛ ጨዋታስ? ማሲንቆ ይመታ የነበረው ልጅ እኮ የላስታ አዝማሪ ልጅ ነው። እስካሁን ስምንት ሰው ጽፎ ስለ ኦርጋንና ስለ ዘይት ጣሳ አወራ፤ ይህን ልጅ ከየት መጣ ያለ የለም። ቁጥር 10 ተናደደበት። ቅር ካለህ የራስህን ክር ክፈት፣ እዚህ የጎጥ ሒሳብ አታምጣ አለው። ቁጥር 11 ከቁጥር 10 ጋር፣ ቁጥር 12 ከቁጥር 9 ጋር ቆመው ተሞላለጩ። አንዳንዱ ቃል እዚህ የሚደገም አይደለም።

እኔ የላስታውን ልጅ ደግፌያለሁ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ደሴ በዚያ ዘመን የጠቅላላ ወሎ ልጅ ተሰብስቦ የሚማርባትና የሚነግድባት ከተማ ናት። ከየአውራጃው የመጣው ልጅ ዘፈኑን ይዞ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ባንዱን ያስቀጠለው ማን ነበር? ማሲንቆ መቺው ነው። እሱ ከቤቱ የተማረው ያለ መብራት መጫወትን ነውና መብራት ሲጠፋ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም። ያለ እሱ የፒያሳ ልጆች የሌላ ሰው ዘፈን የሚጫወቱ የሠርግ ባንድ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ቁጥር 13 ወሬውን አቀዘቀዘች። ወንዱ ድምፃዊ ጎረቤቷ ነበር። ያንን የሚወዛወዝና የሚንጠላጠል ድምፅ ያመጣው ከአያቱ ቤት ነው ትላለች። አያቱ ቤት በየሳምንቱ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ይቀመጡ ነበር። ቡናው ይፈላል፣ ጭሱ ይጨሳል፣ ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ይወጣል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በር ሥር ተቀምጦ ተቀባይ ነበር። የሼህ መሐመድ አወል ካሴት ያልገባበት ቤት አልነበረም፣ የክርስቲያኑም ቤት ጭምር። ቁጥር 14 ይህ አልተዋጠለትም። መንዙማ ዘፈን አይደለም፣ ውዳሴ ነው፤ ከሠርግ ድንኳንና ከመጠጥ ጋር አንድ ላይ አታንሱት አለ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነው። ቁጥር 13 ተመልሳ ቁጥር 15 ላይ አብሽር ወንድሜ ብላ ጀመረች። ዘፈን ነው አላለችም። ልጁ መንዙማ ድንኳን ውስጥ ብሎ አያውቅም፣ አያቱም አትፈቅድለትም። ትንፋሹን ግን እዚያ ነው የተማረው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ዜማ ተምሮ በኋላ ዘፋኝ ቢሆን ቅዳሴው ዘፈን ነው እንደማይባል ሁሉ፣ ይህም እንዲሁ ነው። ቁጥር 14 ዱዓ አድርጎላት ወጣ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር እንዲህ ሲያልቅ ደስ ይለኛል።

ቁጥር 16 እኔን በቀጥታ ወረደብኝ። ትዝታ ሰውን ያሳውራል አለ። ልጆቹን እሱም ያውቃቸዋል። ከሚጫወቱት አብዛኛው በጊዜው ከአዲስ አበባ በካሴት የመጣ ዘፈን ነበር። ኦርጋኑ ብዙ ጊዜ ከድምፃዊው ጋር አይገጥምም። ጥሩ ቢሆኑ ኖሮ አዲስ አበባ ወርደው ይወጣላቸው ነበር፤ ጎበዝ ተደብቆ አይቀርም። ይህን አሥር ሰው ወደደው።

መልሴን ረጅም አድርጌ ጻፍኩ፣ አሁንም ቃሌ ያው ነው። ጎበዝ ተደብቆ ይቀራል። በዚያ ዘመን ካሴት እንዴት እንደሚወጣ እናስታውስ። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ነው። ሙዚቃ ቤቱ የሚፈልገው ድምፃዊ ነው። ድምፃዊው ብቻውን ይመጣል፣ አቀናባሪና አጃቢ እዚያው ይመደብለታል። ከክፍለ ሀገር ሰባት ሆኖ የሚመጣ ባንድን የሚያስተናግድ አሠራር አልነበረም። የፒያሳ ልጆች ደግሞ ያላቸው ነገር ባንድነታቸው ነው። ከባቲ ወደ አምባሰል መሻገሩን ድምፃዊው ብቻውን ይዞት መሄድ አይችልም። ቁጥር 17 በዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ጨመረ። የፈረንጅ ሰብሳቢዎች የኢትዮጵያን ሙዚቃ በ1990 ገደማ ኢትዮፒክስ በሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ማውጣት ሲጀምሩ እንኳ፣ ያወጡት በአብዛኛው አስቀድሞ የተቀዳውን ነው። በሸክላ የወጣው ተረፈ። በሠርግ ድንኳን የቀረው ከየት ይገኛል?

ከቁጥር 18 እስከ 21 ያለው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚያወርደው ስለ ሐረጎ መንገድ ነው። አንዱ ባንዱ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ሠራተኞች ዘንድ ለመጫወት ሲወርድ መኪናው ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ቆሞ እንዳደረ አነሳ። ሌላው ስለ ጉሙ፣ ሌላው ስለ ጠመዝማዛው፣ ሌላው ስለ ሹፌሮቹ ቀጠለ። የጦሳ ብርድም ተወራ። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ከፈለጋችሁ ገብታችሁ አንብቡት።

ቁጥር 22 ላይ ሁላችንም ዝም አልን። የጻፈችው የድምፃዊቷ እህት ናት። ልጅቷ ባንዱን የተወችው ሠርግ ላይ ሰክሮ ብር ግንባሯ ላይ እለጥፋለሁ ብሎ አንገቷን በያዘ ሰው ምክንያት ነው። ልጆቹ ተጣሉላት፣ ማሲንቆው ተሰበረ። ቤት ሲሰማ አባቷ ወጥቶ መዝፈንን ከለከላት። ባንዱ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሠርግ ብቻ ሠራ። እሷ በኋላ ዐረብ አገር ሄዳ ብዙ ዓመት ቆይታ ተመልሳለች። ደህና ናት፣ ልጆች አሏት። እቤት ውስጥ ምግብ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ሰው ሲገባ ታቆማለች። እህቷ ይህን የጻፈችው ባንዱ በገንዘብ ምክንያት ፈረሰ የሚለውን ስታነብ ስለከበዳት ነው።

የባንዱ መፍረስ ላይ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት መልሶች ረጋ ያሉ ናቸው። ቁጥር 23 ሠርግ ራሱ እየተለወጠ እንደነበር አስታወሰ። ምቱ ተሞልቶ የመጣለት ኦርጋን ገበያ ላይ ሲውል አንድ ሰው ብቻውን የሰባቱን ሥራ በትንሽ ዋጋ ይሠራ ጀመር። ደጋሽ ደግሞ ደጋሽ ነው፣ የሚረክሰውን ይወስዳል። ኪራዩ፣ ኦርጋኑ፣ የልጅቷ መከልከል፣ ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ ተደራረበ። ሊድ ጊታሩ አዲስ አበባ ገባ። ቤዙ በሹፍርና ሥራ ነው። ማሲንቆ መቺው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የላስታው ወንድም በሕይወት እንዳለ አረጋግጦልናል።

ካሴት ነበረኝ ያሉ ሦስት ሰዎች ተከታትለው ጻፉ፣ ሦስቱም የላቸውም። የአንዱ ላይ ሌላ ዘፈን ተቀድቶበታል። ካሴት ውድ በነበረበት ዘመን የሠርግ ካሴት ጀርባ ላይ የተሰበረችውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍኖ ደግሞ መቅዳት የተለመደ ነበር። የሁለቱ ግን በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤት ጥለው ሲወጡ የቀረ ነው። ሲመለሱ ቤቱ ተበርብሯል፣ የሠርግ ፎቶውም ካሴቱም የለም። አንደኛዋ ስለ ቴሌቪዥኑ ምንም ሳትል ካሴቷን ብቻ ጠቀሰች። ገባኝ።

ቁጥር 27 ላይ ነው የተገኘው። ሰውየው ከሐይቅ ነው። የአጎቱ ሠርግ ካሴት አለው፣ ስልሳ ደቂቃው ነው፣ ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሠርግ ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ማታ ቴፕ ተውሶ እከፍተዋለሁ አለ። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ተንጫጫበት። እንዳትከፍተው!

ሙዚቀኛው ቁጥር 7 ተመልሶ መጥቶ ምክሩን በዝርዝር ጻፈለት። ካሴት ለያዘ ሁሉ ስለሚጠቅም ሳላሳጥር አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ከላይ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ፕላስቲኮች መሰበራቸውን እይ፤ ካልተሰበሩ ስበራቸው፣ በስህተት የቀረጻው ቁልፍ ቢነካ እንዳይደመሰስ። ከዚያ በቢክ እስክሪብቶ በእጅህ ቀስ ብለህ ትንሽ አዙረው፤ ከተጣበቀ አታስገድደው። ክሩ የሚያልፍበት መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ጨርቅ በስስ የስፕሪንግ ብረት ላይ ተለጥፋ አለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ሙጫዋ ይለቅና ትወድቃለች። እሷ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል፣ ሰው ካሴቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ካሴቱ ብሎን ካለው ክሩን አውጥቶ ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ይቻላል። የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል ጥረግ። አስቀድመህ በማታዝንበት ሌላ ካሴት ሞክር፣ የሚበላ ቴፕ እንዳይሆን። የአንተን ስታስገባ ለመስማት ብለህ አትክፈት፤ ገመዱን ከኮምፒውተር አገናኝተህ ከመጀመሪያው ዙር ቅዳው። ያ ዙር የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ስትቀዳም በትልቁ ፋይል ያዝ፣ ለቴሌግራም የምታሳንሰው በኋላ ነው።

የሐይቁ ሰው ጠፋ። አንዳንዱ ውሸቱን ነው ማለት ጀመረ። ቁጥር 31 በጣም አስቀያሚ ነገር ጻፈ፣ አወያዮቹ አነሱት። ሰውየው ግን ኮምቦልቻ ወርዶ ቴፕ የሚጠግን ሰው እየፈለገ ነበር። ቁጥር 33 ላይ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ገጽ እልልታ፣ ሙሽራ ሙሽራዬ እና የሽማግሌ ምርቃት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል የፒያሳ ልጆች አሉ። ካሴቱ ካለቀበት ትንሽ ቀደም ብሎ ሰው የሬዲዮ ዜና ደርቦበታል። ከኦርጋኑ ይልቅ የከበሮና የማሲንቆ ድምፅ ይጎላል። መቅጃው ሴቶቹ አጠገብ ተቀምጦ ነበር መሰለኝ፣ ጭብጨባው በጣም ቅርብ ነው። ድምፃዊቷ ባቲ ትጀምራለች። ስድስተኛው ደቂቃ አካባቢ ቤዙ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ማሲንቆው ወደ ታች ይንሸራተታል፣ አምባሰል ይሆናል። ሙዚቀኛው ቁጥር 34 ላይ ኖታውን ደቂቃ በደቂቃ ጽፎ ከዶ እስከ ላ ፍላት አረጋግጧል። ቁጥር 16ም ሰምቶ ጻፈ። ኦርጋኑ አሁንም አልገጠመም፣ መሻገሩ ግን ሌላ ቦታ ሰምቶት አያውቅም። ይህን በማለቱ አከብረዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ ፋይሉን ለምን እዚህ አትለጥፍም ትሉኛላችሁ። እህቷ ቁጥር 35 ላይ የጠየቀችው ነገር ስላለ ነው። ሌላው ሰው ከመስማቱ በፊት ልጅቷ ራሷ ትስማው አለች። ፋይሉን ለእህቷ ልኬላታለሁ። የላስታው ወንድምም ለማሲንቆ መቺው በስልክ የሚያሰማበት ቀን ይዟል። ሁለቱ ይውጣ ካሉ እለጥፈዋለሁ፤ አይውጣ ካሉ ከእነሱ ጋር ይቆያል። እስከዚያ ሌላ ካሴት ያላችሁ፣ ባትከፍቱትም፣ ጀርባው ላይ ምን እንደተጻፈና የት ሠርግ እንደሆነ እዚሁ ጻፉልን።